ሰኞ የገባቸው ትምህርት ዓርብ የት ይጠፋል?

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ገና አራተኛ ወሩ ነው። ክፍሌ ውስጥ 48 ልጆች አሉ። ሰኞ አዲስ ትምህርት አስተምራለሁ። «ገባችሁ?» ስላቸው «አዎ ቲቸር!» ብለው ክፍሉን ያናውጡታል። የክፍል ሥራውንም ደህና አድርገው ይሠራሉ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ በዕቅዱ መሠረት ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ዓርብ ቴስት ስሰጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሰኞ ክፍል ውስጥ ያልነበሩ ይመስላሉ።

ባለፈው ዓርብ ብስጭቴን መቆጣጠር አቅቶኝ ጮኽኩባቸው። አንዱ ልጅ የቴስት ወረቀቱን ቀደደና ዴስኩ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔም ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ርዕሰ መምህሩ በበኩላቸው «ከዓመቱ ዕቅድ ወደኋላ ቀርተሻል» ይሉኛል። ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያወጡት እነዚያው አምስት ስድስት ልጆች ናቸው። ደብተር ሳርም እኩለ ሌሊት ይሆናል። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ችግሩ እኔ ነኝ? ሙያው የኔ አይደለም ማለት ነው?

ግራ የገባት መምህርት

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሙያው ያንቺ ነው። ተማሪዎቹ ስላልገባቸው ቤቱ ገብቶ የሚያለቅስ ሰው ሙያውን አልሳተም። እኔም ወደዚህ ዓምድ ከመምጣቴ በፊት ብዙ ዓመት ትንንሽ ልጆች አስተምሬአለሁ። ያንን ዓርብ በደንብ አውቀዋለሁ። የወረቀቱ ክምር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንዴት እንደሚያስፈራም አውቃለሁ።

ችግር የለም ግን አልልሽም። አለ። ያለው ሳምንትሽ ውስጥ ነው። ሰኞ አዲስ ነገር አለ። ማክሰኞ ሌላ አዲስ፣ ረቡዕ ሌላ፣ ሐሙስ ሌላ። ዓርብ የሁሉም ቴስት። ሰኞ የተማሩትን ነገር እስከ ዓርብ ድረስ ማንም ተመልሶ አልነካውም። አንዴ ብቻ የተሄደበት መንገድ ደግሞ ሣር ይበቅልበታል።

ይህን ነገር ቆጥሮ ያሳየን ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ነው። ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ትርጉም የሌላቸው ቃል መሰል ድምፆችን እየሸመደደ ራሱን ፈተነ። ከዚያ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ሲያጠና ከመጀመሪያው ልፋቱ ምን ያህሉ እንደተረፈለት ለካ። ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 ከመቶ ያህሉ ተርፎታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 44። አንድ ቀን ሲያልፍ 34 ገደማ። ከዚያ ወዲያ መውረዱ ቀስ ይላል፤ ከወር በኋላ እንኳ 21 ገደማ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመውት ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል። ያንቺ ትምህርት ትርጉም ስላለው እንደዚያ በፍጥነት አይረግፍም። ቁልቁለቱ ግን ተመሳሳይ ነው። ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ ለሰኞው ትምህርት ወሳኟ ቀን ማክሰኞ ናት። አንቺ ማክሰኞን ለሌላ ነገር ሰጥተሻታል።

አሁን ወደ «አዎ ቲቸር!» ልምጣ። ልጆቹ አልዋሹሽም። በዚያች ደቂቃ በእርግጥ ገብቷቸዋል። ምሳሌው ሰሌዳው ላይ አለ። ድምፅሽ ገና ጆሯቸው ውስጥ ነው። የክፍል ሥራው የምሳሌው መንትያ ነው። ዓርብ ላይ ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ያንቺም ድምፅ የለም። ያኔ ያለው ልጁ ከገዛ ጭንቅላቱ የሚያወጣው ብቻ ነው። ከጭንቅላት ማውጣትን ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ አንድም ቀን አልተለማመዱትም።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ሙከራ አለ። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ ሁለቴ እንዲያነቡ አደረጉ። ሌላ ጽሑፍ ደግሞ አንዴ አንብበው ከዘጉት በኋላ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለቴ ያነበቡትን ይበልጥ አስታወሱ፤ 81 ከመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት ወደ 42 ወረደ። ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት 56 ላይ ቆየ። ያንቺ ልጆች ትንንሽ ናቸው፤ ቁጥሩ እንደዚያው ይሆናል አልልም። ግን የመጀመሪያውን ፈተና ሰኞ፣ ሁለተኛውን ዓርብ ብለሽ አንብቢው። የራስሽን ክፍል ታገኚዋለሽ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከጥናት ሳይሆን ከአንዲት ተማሪዬ ነው። ደብተሯ የክፍሉ ምርጥ ደብተር ነበር። ፊደሏ እኩል፣ መስመሯ ቀጥ ያለ፣ አንድ ስርዝ የማይገኝበት። ለሌሎቹ «እንደሷ ጻፉ» እያልኩ ደብተሯን ከፍ አድርጌ አሳይ ነበር። አንድ ቀን ጠመኔ አለቀና ትምህርቱን በቃለ ጽሕፈት አደረግሁት። ዐሥር ቀላል ቃላት ነበሩ። ወረቀቷን ስሰበስብ ባዶ ነው። ጎኗ ተቀምጬ አንድ መስመር እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ማንበብ አትችልም። ያን ሁሉ ወር ፊደሎቹን እንደ ሥዕል ስትቀዳ ኖራለች። እኔ ቅጂዋን እያረምኩ «በጣም ጥሩ» እጽፍበት ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሌዳው እያለ በተጻፈ ነገር ልጅ መዝኜ አላውቅም።

ስለዚህ ሳምንቱን እንዲህ ለውጪው። በአንድ ትምህርት ብቻ ጀምሪ። ሒሳብ ይሁን። ሁሉንም በአንዴ ልቀይር ካልሽ በሁለተኛው ሳምንት ይደክምሻል።

በየቀኑ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያ 8 ደቂቃ የትናንት ናት። ደብተር ዝግ፣ መጽሐፍ ዝግ፣ ሰሌዳው ጥርግ ያለ። ሦስት ጥያቄ ስጫቸው። ሁለቱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት። ባገለገለ ወረቀት ጀርባ ላይ ይሥሩት። ማርክ የለውም። ይህን በግልጽ ንገሪያቸው፤ «ይሄ ቴስት አይደለም፤ የትናንቱን ከጭንቅላታችን ፈልገን ነው የምናወጣው» በያቸው። ከዚያ መልሱን ወዲያው አብራችሁ ሥሩት፤ የተሳሳተ እዚያው ያስተካክል። መልሱን ሳያውቅ የሄደ ልጅ ስህተቱን ይዞት ነው የሚያድረው።

ረቡዕ ላይ ጥያቄዎቹን ደባልቂያቸው። ገጹ በሙሉ መቀነስ ከሆነ ልጁ ምልክቱን ማየት እንኳ አያስፈልገውም። እጁ ብቻ ይሠራል። መደመርና መቀነስ ሲቀላቀል፣ አንድ የቃላት ፕሮብሌም ጣል ሲደረግበት፣ «ይሄ የትኛው ነው?» ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ዓርብ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ላይ ስህተቱ ይበዛል። አትደንግጪ፣ ያ ስህተት ዓርብ ከሚመጣ ረቡዕ ቢመጣ ይሻላል።

ሐሙስን ከአዲስ ትምህርት ነፃ አድርጊያት። ይህ ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ ስለ ርዕሰ መምህሩ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ሐሙስ የሳምንቱ ስህተቶች ቀን ትሁን። እኔ በማስተማር ሕይወቴ ከሁሉ የምወደው ቀን ይህ ነበር። ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይሽ።

402 ሲቀነስ 178 ስንት ነው? መልሱ 224 ነው። አንዳንድ ልጆችሽ ግን 376 ብለው ይጽፋሉ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርገሽ ልታልፊው ትችያለሽ። ቁጭ ብለሽ ብታዪው ግን ልጁ እንዴት እንዳሰበ ይታይሻል። በአንድ ቤት ከ2 ላይ 8 አይነሳም፤ ስለዚህ ገልብጦ ከ8 ላይ 2 አነሳና 6 ጻፈ። በዐሥር ቤት ከ0 ላይ 7 አይነሳም፤ ገለበጠና 7 ጻፈ። በመቶ ቤት 4 ሲቀነስ 1፣ 3። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሕግ አለው፤ «ሁልጊዜ ትንሹን ከትልቁ ቀንስ» የሚል። ሕጉን ምናልባት ከሁለተኛ ክፍል ይዞት መጥቶ ይሆናል፤ እዚያ ሠርቶለት ነበር። መቶ ጊዜ ኤክስ ብታደርጊበት ሕጉን አይጥልም። ከእንጨት ቆርጠሽ በዐሥር በዐሥር ያሰርሽውን ይዘሽ ብትቀርቢ፣ አንዱን መቶ ፈትታችሁ ዐሥር ዐሥሮች ብታደርጉት፣ ከዐሥሮቹ አንዱን ፈትታችሁ ለአንድ ቤት ብትሰጡት፣ በዚያው ቀን ሊጥለው ይችላል። ሐሙስ ለዚህ ናት። የማንንም ስም ሳትጠሪ የተሳሳተውን መልስ ሰሌዳ ላይ ጻፊና «ይህን የሠራው ልጅ ምን ብሎ አስቦ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ዝም የሚሉት ልጆች ሲንጫጩ ትሰሚያለሽ።

ዓርብ ቴስቱ ይጠር። አምስት ጥያቄ ይበቃል። ከአምስቱ አንዱ ከሁለት ሳምንት በፊት የነበረ ይሁን።

ስለ ዝም የሚሉት ካነሳሁ አይቀር፣ እነዚያን አምስት ስድስት እጆች እንያቸው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የክፍል ድምፅ ቅጂዎችን እየሰማች አንድ ነገር ለካች። መምህር ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። በአንድ ሰከንድ የሚደርሱት ፈጣኖቹ ናቸው። መምህራኑ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያሳድጉት መልሶቹ ረዘሙ፤ ጭራሽ የማይመልሱት ቀነሱ፤ ደካማ የሚባሉት ልጆችም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ክፍል ፊት ቆመሽ ስትሞክሪው ግን ዓመት ነው የሚሆንብሽ። በሆድሽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሽ ቁጠሪ። ጥያቄውን አስቀድሚ፣ ጠብቂ፣ ከዚያ ስም ጥሪ። ስሙን አስቀድመሽ ከጠራሽ 47ቱ ማሰብ ያቆማሉ።

ከዚያም የሚሻል መንገድ አለ። ሁሉም መልሱን በወረቀት ጽፎ በአንድ ጊዜ ከፍ ያድርግ። በአንድ እይታ 48 መልስ ታገኛለሽ። «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ከዚያ በኋላ አትፈልጊውም።

ንባብም እንዲሁ ነው፤ አጠር ላድርገው። በ40 ደቂቃ 48 ልጅ ተራ በተራ ቢያነብ ለአንዱ የሚደርሰው 50 ሰከንድ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ለ10 ደቂቃ ቢያነቡ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ያነባል። ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ፤ የንባብ ድምፅ ነው። አንቺ በመካከላቸው እየዞርሽ በየቀኑ አምስት ልጅ በቅርብ አዳምጪ። በሁለት ሳምንት ሁሉንም ታዳርሻለሽ።

«ጊዜው ከየት ይምጣ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ለአንድ ቀን ሰዓትሽን አይተሽ መዝግቢ። ደብተር ለማደል፣ ለመሰብሰብ፣ እርሳስ ለመቅረጽ፣ ዝም ለማሰኘት ስንት ደቂቃ ይሄዳል? በአንድ ክፍለ ጊዜ 5 ደቂቃ ብቻ ቢሆን፣ በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ካለሽ 30 ደቂቃ ነው። በሳምንት 150። ይህ ወደ አራት የሚጠጋ ክፍለ ጊዜ ነው። በየረድፉ አንድ ልጅ ደብተር የሚያድል ይሁን፤ በየሳምንቱ ይቀየር። እንዴት እንደሚታደል እንደ ትምህርት አስተምሪያቸው፤ አለማምጃቸው፤ ሰዓት ይዘሽ «ትናንት 4 ደቂቃ ፈጀብን፤ ዛሬስ?» በያቸው። ትንንሽ ልጆች ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሲያውቁ ይረጋጋሉ። ክፍል ሲገቡ ሦስቱ ጥያቄዎች ሰሌዳ ላይ ከጠበቋቸው፣ ጫጫታው ገና ሳይጀመር ሥራ ላይ ናቸው።

እርማቱን ደግሞ ቀንሺው። አንድ ደብተር 2 ደቂቃ ቢፈጅ 48 ደብተር 96 ደቂቃ ነው። ሌሊትሽን የሚበላው ይህ ነው። የክፍል ሥራውን እዚያው አብራችሁ አርሙ። ቤት ይዘሽው የምትሄጂው የዓርቧን ወረቀት ብቻ ይሁን። እሷንም ነጥብ ከመስጠትሽ በፊት ሦስት ቦታ ክፈዪ፤ የገባቸው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ያሉ፣ ጭራሽ የጠፋባቸው። ሦስተኛው ክምር ውስጥ ያሉትን ስማቸውን ጻፊ። ሰኞ ሌሎቹ ሲሠሩ ከነዚያ ልጆች ጋር ትቀመጫለሽ። ለተከታታይ ሳምንታት ከዚያ ክምር የማይወጣ ልጅ ካለ ወደ ፊት ወንበር አምጪው። ሰሌዳው ይታየው እንደሆነ፣ ድምፅሽ ይሰማው እንደሆነ አጣሪ። ወላጆቹንም ጥሪ። ሲመጡ ከውጤቱ አትጀምሪ፤ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስደስተው ጠይቂያቸው።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። እሳቸውም ከበላያቸው የሚጠይቃቸው አለ። «ፖርሽኑን ልሸፍን ብዬ እየሮጥኩ ነው፤ ግን ይኸው የዓርብ ወረቀቶቹ» ብለሽ አሳዪያቸው። ከዚያ በሒሳብ ብቻ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቂ። በየሳምንቱ መጨረሻ ሦስተኛው ክምር ውስጥ ስንት ልጅ እንደቀረ ለማሳየት ቃል ግቢ። በአራተኛው ሳምንት የሚያሳምናቸው ያ ቁጥር ነው። ካልቀነሰ ደግሞ እኔ የነገርኩሽ ለክፍልሽ አልሠራም ማለት ነውና ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

ስለ ጩኸቱ። ሰኞ ጠዋት፣ ምንም ነገር ሳትጀምሪ፣ «ዓርብ ጮኼባችኋለሁ። ተናድጄ ነበር። ልክ አልነበርኩም። ይቅርታ» በያቸው። አታብራሪ፤ «እናንተም ደግሞ» የሚል ነገር አትጨምሪ። ክብሬ ይቀንሳል ብለሽ አትፍሪ። እኔ ባደረግሁት ጊዜ አንዲት ትንሽ ልጅ በእረፍት ሰዓት መጥታ እጄን ይዛ ዝም ብላ ቆመች። ሌላ ምንም አላለችም።

ወረቀቱን የቀደደው ልጅ ግን ብቻውን ነው የሚፈልግሽ። በልጆች ፊት አትጥሪው። «ለምን ቀደድከው?» ብለሽም አትጠይቂው፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ያንኑ ቴስት በንጹሕ ወረቀት ገልብጪለት። እረፍት ላይ ጎኑ ተቀምጠሽ ከጥያቄዎቹ መሥራት የሚችላቸውን ሁለቱን ብቻ እንዲሠራ ንገሪው። ሌሎቹን አብራችሁ ሥሯቸው። ወረቀቱን ለራሱ ስጪው።

ማክሰኞ ደግሞ ከሦስቱ የመነሻ ጥያቄዎች አንዱ እሱ ሰኞ በትክክል የሠራው ዓይነት ይሁን። በዴስኮቹ መካከል እየዞርሽ ወረቀቱን እዪው። መልሱን ጽፎት ከሆነ ወደ ፊት ተመለሺ። ጥያቄውን ጮክ ብለሽ አንብቢ። በሆድሽ ሦስት ቁጠሪ። ከዚያ የሱን ስም ጥሪ።